ስለ ሥጋው የምንጠይቀውን ስለ ልብሱም እንጠይቅ

በረመዷን የቤተሰብ ወጪ ሁለት ምዕራፍ አለው። ወሩ ሲገባ ገንዘቡ የሚወጣው ለኢፍጣር ማዕድ ነው፤ ለሾርባው፣ ለሳምቡሳው፣ ለቴምሩ። ወሩ ተጋምሶ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሲቃረቡ ደግሞ ዐይን ሁሉ ወደ ልብስ ይዞራል። የልጆች ልብስና ጫማ፣ የእናት አባያ፣ የአባት ጀለቢያ፣ የአያት ሽርጥና ኮፍያ ይታሰባል። መርካቶም ሆነ የየከተማው ገበያ በዚህ ሰሞን መድመቁ የሚጠበቅ ነው። በዒድ ቀን ታጥቦና አምሮ መውጣት የተወደደ በመሆኑ ማንም በዚህ አይወቀስም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሥጋ ስንገዛ ማን እንዳረደው እንጠይቃለን። የታሸገ ምግብ ስናነሳ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ አገላብጠን እናነባለን። ልብስ ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄያችን ልኩን፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነና መጨረሻ ዋጋውን ከማወቅ አያልፍም። ማን ሰፋው? ለሰፋበት ምን ተከፈለው? ጨርቁ የተነከረበት ውሃስ የት ተደፋ? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም፤ ፈትዋ የዑለሞች ድርሻ ነው። የአንድ አንባቢ አስተያየት ነው። ይሁንና አስተያየቱ ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ሒሳብ ሳይዘገይ እንዲከፈል ማስተማራቸውን ልጆቻችን በመድረሳ ይማሩታል። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ አል-ሙጠፊፊን ስሙን ያገኘው በስፍርና በሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። የሠራተኛን ሰዓት ቆርጦ መክፈልም ከሚዛን ማጉደል የሚለይ አይመስለኝም። ስለዚህ ልብስ ገላን ስለሸፈነ ብቻ ጉዳዩ አለቀ ማለት አንችልም፤ ከእኛ እጅ ከመድረሱ በፊት ያለፈበት መንገድም መታየት አለበት።

ማስታወቂያው ለጿሚ፣ ስፌቱም በጿሚ

ዓለም አቀፍ የልብስ ኩባንያዎች የሙስሊም ቤተሰብን ገበያ ማሰስ ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የኒውዮርኩ ዲኬኤንዋይ እ.ኤ.አ. በ2014 በረመዷን ስም የተለየ የልብስ ስብስብ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች አቀረበ። በዓመቱ የጃፓኑ ዩኒክሎ እንግሊዛዊቷን ዲዛይነር ሃና ታጂማን ይዞ ረጃጅም ቀሚሶችና ሒጃቦች አወጣ። በ2016 የጣሊያኑ ዶልቼ ኤንድ ጋባና የአባያ ስብስብ አስተዋወቀ፤ በ2017 ደግሞ ናይክ ለስፖርተኞች የሚሆን ሒጃብ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ረመዷን ሲገባ የጨረቃና የፋኖስ ሥዕል ያለበት የልብስ ማስታወቂያ በየስልካችን ይመጣል።

ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። የሙስሊም ሴት አለባበስ እንደ እንግዳ ነገር ከመታየት ወጥቶ በትላልቅ መደብሮች መስኮት መታየቱ የሚያስደስታቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ማስታወቂያው የማያሳየን ሰው አለ። ከቻይና ቀጥሎ ለዓለም ብዙ ልብስ ከሚሰፉት አገሮች ግንባር ቀደሟ ባንግላዴሽ ናት። በፋብሪካዎቿ ማሽን ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሙስሊም ሴቶች ናቸው። እኛ ለኢፍጣር ስንጣደፍ እነሱም እየጾሙ ይሰፋሉ፤ እኛ የዒድ ልብስ ስናማርጥ እነሱም ለልጆቻቸው የዒድ ልብስ ያስባሉ። ዒድ ሲቃረብ ያልተከፈለ ደመወዝና የበዓል ጉርሻ የሚጠይቁ የስፌት ሠራተኞች በዳካና በአካባቢዋ አደባባይ መውጣታቸው በየዓመቱ የሚደጋገም ዜና ነው።

በዚያች አገር የልብስ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በወር 12,500 ታካ ሆኗል፤ በጊዜው ምንዛሬ ከ113 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ሠራተኞቹ የጠየቁት 23,000 ታካ ነበር። ጥያቄውን ይዘው በወጡበት ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በአንድ ልብስ መሸጫ ዋጋ ውስጥ የሰፊዋ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ደመወዟ ትንሽ ከፍ ቢል እኛ የምንከፍለው ይህን ያህል ይንራል የሚለው ሰበብ አያሳምንም።

የምስክር ወረቀት ብቻውን አያድንም

«ኩባንያው እኮ ፋብሪካዎቹን ያስመረምራል፤ ማረጋገጫም አለው» ሊባል ይችላል። ለዚህ ሁለት አደጋዎችን ማስታወስ ይበቃል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 በፓኪስታን ካራቺ የደረሰው ነው። አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ በእሳት ሲጋይ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ወስኗል። ሰዎቹን ከውስጥ ያስቀራቸው ግን የተቆለፈ በርና በብረት የታጠረ መስኮት ነበር። ይህ ፋብሪካ የሠራተኛ አያያዙና ደኅንነቱ የተሟላ ነው የሚል ኤስኤ 8000 የተሰኘ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት የተቀበለው ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ዋና ገዥው የነበረው የጀርመኑ ኪክ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ለመክፈል የተስማማው ከአራት ዓመት በኋላ ነበር።

ሁለተኛው በሰባት ወር ልዩነት የመጣው የራና ፕላዛ አደጋ ነው። በዳካ አቅራቢያ የነበረው ይህ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ከመውደቁ አንድ ቀን አስቀድሞ ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። ታች የነበሩት ባንክና ሱቆች ዘጉ፤ የስፌት ሠራተኞቹ ግን እንዲገቡ ታዘዙ። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ጠዋት ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በውስጡ ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከል አስቀድመው የተመረመሩ ይገኙበታል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ትልቅ ትምህርት አለው። ከ200 በላይ ብራንዶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ የሕንፃና የእሳት ደኅንነት ስምምነት ፈረሙ። ምርመራው በገለልተኛ መሐንዲሶች እንዲሆንና ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ እንዲደረግ ተወሰነ፤ ቃሉን ያጠፈ ኩባንያም በዳኝነት የሚጠየቅበት መንገድ ተበጀ። ከ1,600 የሚበልጡ ፋብሪካዎች በዚህ መንገድ ተፈትሸው ብዙ የእሳት በር ተከፈተ፣ ብዙ ምሰሶ ተጠናከረ። ኩባንያው ራሱ ያወጣው መልካም ቃልና ሌላ ወገን ሊያስፈጽመው የሚችል ውል ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ እንረዳለን።

ውሃውን የሚጠይቅ ማን ነው?

ልብስ ከመሰፋቱ በፊት ጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። በካዛኪስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል ያለው የአራል ባሕር በአንድ ወቅት በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚመግቡት ሁለት ትላልቅ ወንዞች ወደ ጥጥ እርሻ ተጠለፉና ሐይቁ እየሸሸ አብዛኛው ክፍሉ ደረቀ። ሙይናክ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ዛሬ በአሸዋ ላይ የቀሩ የዛገ መርከቦች የሚታዩባት ከተማ ናት።

በዚያችው ኡዝቤኪስታን ለብዙ ዓመታት መምህራን፣ ተማሪዎችና የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ጥጥ እንዲለቅሙ በመንግሥት ይገደዱ ነበር። ከ300 የሚበልጡ የልብስ ኩባንያዎች ጥጧን አንጠቀምም ብለው ፈረሙ። ግዳጁ መቆሙ በገለልተኛ ክትትል ከተረጋገጠ በኋላ ዘመቻውን የመሩት ድርጅቶች ጥሪያቸውን በማርች 2022 አነሡ። ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ ቢሆንም ግፊቱ ውጤት አምጥቷል። ስለዚህ «እኛ ብንጠይቅ ምን ይለወጣል?» ለሚለው ተስፋ መቁረጥ ይህ ጥሩ መልስ ነው።

በኢንዶኔዥያ ምዕራብ ጃቫ የሚፈሰው የቺታሩም ወንዝ ደግሞ በዳርቻው ከተኮለኮሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በሚለቀቅ ቀለምና ኬሚካል፣ ከከተሞች በሚወርድ ቆሻሻም ተበክሎ በዓለም እጅግ ከቆሸሹ ወንዞች አንዱ ተብሏል። መንግሥት በ2018 ወታደር ጭምር አሰልፎ የጽዳት ዘመቻ የጀመረው ነገሩ ከቁጥጥር ስለወጣ ነው። ከዚያ ወንዝ የሚጠጡና በውሃው ሩዝ የሚያበቅሉ ሚሊዮኖች ናቸው። ለውዱእ ንጹሕ ውሃ የሚፈልግ ሕዝብ ወንዙን ለልብስ ቀለም ሲያጣ የእኛም ጉዳይ ነው።

ጥጥን ትተን ወደ ፖሊስተር ብንሸሽም እዳው አይቀርም። ለአባያና ለሒጃብ የሚውለው ለስላሳ ጨርቅ አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ሲሆን በታጠበ ቁጥር በዐይን የማይታይ የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ውሃ ይለቃል። ቀልሎና ሳይጨማደድ ብዙ ዓመት የሚያገለግል መሆኑ ግን ጥቅም አለው። ስለዚህ አባያውን ስምንትና አሥር ዓመት የምትለብስ እናት፣ በየዓመቱ አዲስ «የተፈጥሮ ጥጥ» ከሚያማርጥ ሰው ይልቅ ለአካባቢ ሳትሻል አትቀርም።

ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ስለሚያውቁ «አረንጓዴ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚሉ ቃላትን በልብሱ ላይ መለጠፍ ለምደዋል። የኔዘርላንድስ የሸማቾችና የገበያ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 ኤችኤንድኤምና ዴካትሎን እንዲህ ያሉ ቃላትን በቂ ማብራሪያ ሳይሰጡ መጠቀማቸውን አግኝቶ፣ አነጋገራቸውን እንዲያስተካክሉ አስማምቷቸዋል። የመጀመሪያው 500 ሺህ፣ ሁለተኛው 400 ሺህ ዩሮ ለአካባቢ ጥበቃ ተግባር ለመለገስም ተስማምተዋል። ቃሉ ሰፊ ሲሆን ጥርጣሬያችንም ሊሰፋ ይገባል።

ነገሩ ከደጃችን ነው

እስካሁን የጠቀስኩት ሩቅ አገር ነው። አንዳንዱ ነገር ግን ከእኛው ቤት ይደርሳል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ለሚደርሱ ሠራተኞች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የፋብሪካ ፍሳሽን አጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ማጣሪያ ተገጥሞለት መሠራቱም ለሐዋሳ ሐይቅ መልካም ዜና ነበር። ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የተቀበሉት እዚያ ነው።

ይሁንና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል በሜይ 2019 ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳየ። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር ነበር። ልብሱን ያሰፉ ከነበሩት መካከል የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሒልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ይገኝበታል። እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ሸሚዝ በምዕራባውያን መደብሮች በርካሽ የሚሸጥ አይደለም። ውድ ልብስ በመግዛት ብቻ ሠራተኛዋን ጠቀምኩ ማለት እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞችን ሁሉ የሚመለከት የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ሳይኖር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ይህ ጉዳይ ለሴት ልጁ ወደ ፓርክ መሄድ ፈቃድ ለሰጠ አባት፣ በየወሩ የቤት ኪራይዋን ለምትጨነቅላት እናት ቅርብ ጉዳይ ነው። የሌላውን አገር ብራንድ ስንመዝን የራሳችን ልጅ የምትሰፋበትን ሚዛንም አብረን መጠየቅ አለብን።

ታዲያ መፍትሔው አለመግዛት ነው? እኔ አይመስለኝም። ፒቪኤች በኖቬምበር 2021 የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ ስትታገድ፣ ሥራቸውን ያጡት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ገዥ ሲሸሽ የሚራበው ሰፊው ነው። ስለዚህ ከሸማች የሚጠበቀው ፋብሪካው የት እንዳለ እያየ ከድሃ አገር መሸሽ ሳይሆን፣ ገዥው ኩባንያ እዚያው ቆይቶ ተገቢውን እንዲከፍል መጠየቅ ነው። የአገር ስምም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ለቡሁ የሚሰፋ ልብስ በሰዓት 3.50 ፓውንድ እየተከፈለ እንደሚሠራ አጋልጧል። በወቅቱ የአዋቂ ሠራተኛ ሕጋዊ ዝቅተኛ ክፍያ 8.72 ነበር።

ምን እንጠይቅ?

አንድን ብራንድ ለመመዘን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አራት ጥያቄዎች ብዙ ይገልጣሉ።

አንደኛ፣ የሚያሰፋባቸውን ፋብሪካዎች ስም ዝርዝር ያወጣል ወይ? ከራና ፕላዛ በኋላ የተመሠረተው ፋሽን ሪቮሉሽን እ.ኤ.አ. በ2023 በ250 ትላልቅ ብራንዶች ላይ ባደረገው ግምገማ ዝርዝሩን ያወጡት 52 በመቶ ናቸው። የሚደብቅ ኩባንያ የሚጠየቅበት ነገር እንዳይገኝ ፈልጎ እንደሆነ መገመት ስሕተት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ስለ ደመወዝ ሲናገር ቁጥር ይሰጣል ወይ? በዚያው ግምገማ 99 በመቶ የሚሆኑት ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ የሚያገኙ ሠራተኞቻቸው ስንት እንደሆኑ አልገለጹም። «ለሠራተኞቻችን እንቆረቆራለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ቁጥር ከሌለው ዋጋው ትንሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የሚያስገድድ ውል ፈርሟል ወይ? የባንግላዴሹ ስምምነት ዛሬ ወደ ፓኪስታንም ተሻግሯል፤ ፈራሚዎቹም በስም ይታወቃሉ።

አራተኛ፣ በክፉ ቀን ምን አደረገ? ኮቪድ በገባበት በማርች 2020፣ ረመዷን አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ገዥዎች ከባንግላዴሽ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትእዛዝ ሰረዙ ወይም አቆዩ፤ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስም ነበረበት። ኤችኤንድኤምና የዛራ ባለቤት ኢንዲቴክስ የተሰፋውን እንከፍላለን ሲሉ ሌሎች ለወራት ተከራከሩ። ከላይ በአረንጓዴ ቃል የተወቀሰ ኩባንያ እዚህ በመልካም መነሣቱ አያስገርም። ብራንድን በአንድ ሥራው ብቻ ጥሩ ወይም መጥፎ ብለን ከመደምደም በየጥያቄው መመዘን ይሻላል።

በቤታችን አቅም

«እኛ የምን ብራንድ? ከመርካቶ የተገኘውን ነው የምናለብሰው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነቱንም ነው። በኑሮ ውድነት መካከል አራት ልጅ የሚያለብስ ቤተሰብ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ተገቢ አይደለም። የጠቀስኳቸው አራት ጥያቄዎች ከሁሉ በላይ የሚመለከቱት በሪያድ፣ በዱባይ፣ በዋሽንግተንና በለንደን ሆነው ለዒድ ልብስ የሚልኩልንን ዘመዶቻችንን ነው። መደብሩ ደጃቸው ነው፤ ጥያቄያቸውን የሚሰማ ሻጭም አላቸው። ልብሱን ስንቀበል ይህን ሐሳብ ብናካፍላቸው አይከፋም።

እዚህ ላለነው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ቶሎ የሚተረተሩ ቀሚሶች ከመግዛት ስፌቱን ገልብጦ አይቶ፣ ጠርዙን ጎትቶ ፈትሾ አንድ ጠንካራ መግዛት ይቻላል። የታላቅን ልብስ አሳጥሮ ለታናሽ ማድረግ ወላጆቻችን ያወቁበት ጥበብ ነው፤ ልጆች እንዲያፍሩበት ማድረግ የለብንም። ኢስራፍን በምግብ ብቻ መመልከታችንም ይቅር፤ አንድ ጊዜ ለዒድ ተለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀር ልብስም ብክነት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አለ። ብትን ጨርቅ ገዝተን የምንወስድለት፣ በረመዷን መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑ ላይ የሚያድር ሰው ነው። እሱን ለማወቅ የምስክር ወረቀት አያሻም፤ ፊቱን እናያለን። በመጨረሻዋ ቀን አምጥተን ካላደረስክ ብለን አናስጨንቀው። የተስማማንበትን ዋጋ ልብሱን ስንረከብ አንቀንስበት። «ከበዓል በኋላ እከፍልሃለሁ» አንበለው፤ ለእሱም ዒድ ነው። ከማሽኑ ሥር የተቀመጠ ረዳት ልጅ ካለውም የልጁን ድርሻ አለመርሳቱን በጨዋ ቃል ማስታወስ እንችላለን። ዳካ ላለችው ሰፊ የምንመኘውን ፍትሕ ለዚህ ሰው መስጠት ዛሬውኑ በእጃችን ነው።

ልጆቻችንም በዚህ ውስጥ ይግቡ። አዲሱን ልብስ ሲለኩ አንገቱ ላይ የተሰፋውን ምልክት ያንብቡ፤ የተሠራበትን አገር በካርታ ላይ ይፈልጉ፤ እዚያም የሚጾም ሰው እንዳለ ይወቁ። ለሰፋችላቸው ሰው በዱዓቸው ቢያስቧት መልካም ነው። ሲያድጉም የሚገዙትን ነገር ከየት መጣ ብለው የሚጠይቁ ነጋዴዎች፣ ፋብሪካ ባለቤቶችና ሕግ አውጪዎች ይሆኑልናል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ዒዱንም በሰላም ያድርሰን።